የሁለት ነፋስ አማካይ

ሰው ሁሉ በራሱና በአባቱ ስም ሲጠራ፣ እሱን መሥሪያ ቤቱ በአንድ ቃል ገላገለው፤ ጋሽ እንጃ። ስሙን ያወጣችለት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል ቢሮው ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ይዘንባል አይዘንብም? ድንኳን ልከራይ ነው» አለችው። እሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠራረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ አየና «እንጃ» አላት። «ይህን ለመስማት ነው ደረጃ የወጣሁት» አለችና እየሳቀች ወረደች። ከዚያ ወዲያ ከዘበኛው እስከ ዋና ዳይሬክተሩ ሌላ ስም የሚያስታውስለት ጠፋ። እኛም ከሰው ተለይተን የት እንደርሳለን፣ እንደዚያው እንጥራው።

ግን ፍረዱ። እንጃ ያለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የቅዳሜን ዝናብ የሚያዩት በታችኛው ፎቅ ያሉት ናቸው። የሱ ሥራ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍሳል የሚለው ነው። አሁን ይሄ ለፍጡር የሚሰጥ ሥራ ነው? በየአገሩ ዓለምን ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ባሕሩን፣ ተራራውን፣ ደመናውን በሒሳብ ጠፍጥፈው ሞዴል ይሉታል። የጋሽ እንጃ ድርሻ የነዚህን ሞዴሎች ወሬ ሰብስቦ ስለ ከተማዋ ምን እንዳሉ ማንበብ ነው። ሙቀት ላይ ሁሉም አንድ አፍ ናቸው። ይሞቃል ይላሉ፤ ቢለያዩ በመጠኑ ነው። ነፋስ ላይ ሲደርሱ ግን ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ግማሾቹ በበጋው የምዕራቡ ነፋስ ይበረታል ሲሉ፣ ግማሾቹ የለም፣ የሚበረታው የምሥራቁ ነው ብለው ድርቅ ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ከተማዋን የከበቡትን ኮረብቶች የሚያዩዋቸው እንደ አንድ ወፍራም ትራስ ነው፤ በመሀል ያለውን ሸለቆ አያዩትም። ነፋስ ደግሞ መንገዱ ሸለቆ ነው።

አላገባም። አንድ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጋር ነገሩ ጥሩ ሄዶ ነበር አሉ። ሻይ እየጠጡ፣ «ትወደኛለህ ወይ?» ብትለው «ይመስለኛል» አላት። ሴት ልጅ ይመስለኛልን ይዛ ጎጆ ትውጣ? ሄደች። እሱ እንደሆነ ከልቡ ነበር የተናገረው። ያላጣራውን ነገር እርግጠኛ ነኝ ማለት ለሱ ከስርቆት አይለይም።

የሚኖረው በተርታ የተሠሩ ቤቶች ያሉበት ግቢ ውስጥ፣ በአንደኛዋ ክፍል ነው። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሬዲዮና ሁለት ብርጭቆ አለ፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ተደፍቶ ነው የሚኖረው። ከሥራ ሲመለስ ሬዲዮውን ይከፍትና ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህን ማንም አያውቅበትም ብሎ ነው፤ አዋላጇ ግን በግድግዳው ይሰሙታል፣ አንጀታቸውንም ይበላቸዋል።

ከግቢው በስተምሥራቅ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ክፉ ጎረቤት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው የምዕራቡ ነፋስ ስለሆነ ብናኙን ወደ ማዶው ባዶ ሜዳ ይነዳላቸዋል። የምሥራቁ ቢበረታ ግን ያ ሁሉ ብናኝ እነሱ ላይ ነው የሚራገፈው።

አንድ ቀን አዋላጇ በሩን አንኳኩ። ከጎኑ ያለው ልብስ ሰፊ ሊለቅ ነው። «ሰው ካለህ አምጣ፤ የማላውቀውን ከማስገባ» አሉት። ሰው አለኝ ወይ ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ልቡ ዘለለ። አለው እንጂ፤ አንዲት እህት አለችው።

እህቱ ታናሹ ናት፤ የምትኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ልጇ ሩቅ አገር አግብታ «እማዬ ነይ፣ እኔ ጋ ኑሪ» እያለች ትነዘንዛታለች፤ እሷ ደግሞ በአማች ቤት ጥገኛ ሆኖ መኖር ሞቷ ነው። ከወንድሟ ጎን መኖር ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆች ሆነው በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደጉት። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ አስሟ። ባለፈው ከቤቷ ፊት ለፊት ሕንፃ ሲፈርስ አቧራው ሳንባዋ ገብቶ ሆስፒታል ከረመች፤ ሐኪሙም ሲያስወጣት ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ አቧራ ካገኘሽ አልተርፍም በይ» አላት።

ስልክ ደውሎ ቤቱን ሲነግራት መጀመሪያ ጮክ ብላ ሳቀች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ያ ፋብሪካ ግን እንዴት ነው?» አለችው።

«አሁን ወደኛ አይመጣም» አላት።

«አሁንማ አይቻለሁ። ከገባሁ ወዲያ እኮ መውጫ የለኝም፤ ዕቃዬን ሸጬ ነው የምመጣው። ወደፊትስ? ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም?»

«ላጣራ» አላት።

ማጣራቱ ደግሞ ያን ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ነበር። የከተማው ፕላን ክፍል፣ በሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ነፋሱ ይለወጥ እንደሆነ ይገለጽልን ብሎ ጠይቆ፣ ጋሽ እንጃ መልሱን ጽፎ ለክፍል ኃላፊው አቅርቧል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም በበላዩ የሚጮህበት አለቃ አለው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ግንባሩን አሸ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው? ወይ ወደዚህ፣ ወይ ወደዚያ ነው የሚለው።»

«እንደዚያ ነው ያለው። ግማሾቹ ምሥራቅ፣ ግማሾቹ ምዕራብ። ለሁለቱም ተዘጋጁ ነው ማለት የምንችለው።»

«ለኔ ይገባኛል። እነሱ የላኩልኝ ቅጽ ላይ ያለው ግን አንድ ቁጥር የሚገባበት ሣጥን ነው። ወይና ወይ እዚያ ውስጥ አይገባም። አማካዩን ውሰድ።»

«አማካዩ እኮ ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ አይለወጥም ያልን ያስመስላል። አይለወጥም ያለ አንድም ሞዴል የለም።»

«ግርጌው ላይ በትንሽ ፊደል አስረዳበታ» አለ ኃላፊው፤ ቀጥሎም ስልኩን አነሳ። አለቃ ስልክ ካነሳ ነገሩ አልቋል።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች አሠራር ይሄ ነው። ብዙ ሞዴል ካለህ አማካዩን ትወስዳለህ፤ ሙቀት ላይ ደግሞ በደንብ ይሠራል። ነፋስ ላይ ግን ሁለት ጎረምሳ ገመድ ይዞ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሲጎትት፣ መሀሉ ላይ የታሰረችውን ጨርቅ አይቶ «እዚህ ማንም አልጎተተም» እንደማለት ነው። መጨረሻ ላይ ከሁለቱ አንዱ ያሸንፋል፤ ያልታወቀው የቱ እንደሆነ ነው። ጋሽ እንጃ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ደመረ፣ አካፈለ፣ ዜሮዋን ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠ፣ ግርጌው ላይም ጉንዳን የሚያክሉ ፊደላት ደረደረ።

በሳምንቱ ሬዲዮው «በከተማዋ የነፋስ አቅጣጫ ላይ ጉልህ ለውጥ እንደማይጠበቅ ባለሙያዎች ገለጹ» አለ። የግርጌ ማስታወሻ ሬዲዮ ላይ አይነበብም።

እህቱ ደወለች። «ጋሼ፣ ሰማሁት። እናንተ ራሳችሁ ናችሁ ያላችሁት። በል ዕቃዬን ልሰብስብ።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ነገሩ ያኔ ይቋጭ ነበር። እሱ ግን «እ... እሺ እንግዲህ» አለና ዘጋ። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሰው ነው፤ ደስ ብሎታል። ራሱን ሊያሳምን ሞከረ፤ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው ነው፣ ማኅተም ያረፈበት ነው አለ። ከሥራ እየተመለሰ የልብስ ሰፊውን ክፍል ነጭ ቀለም ቀባ። ቀለም መቀባት አያውቅም፤ ከግድግዳው ይልቅ እሱ ተቀባ፤ አዋላጇ በር ላይ ቆመው «ጣሪያውን ተወው ልጄ፣ ትወድቅና ጉድ ታደርገኛለህ» ይሉት ነበር። የመጋረጃ ብረት ገዛ። ቢሮ ውስጥ ሲያፏጭ የሰሙት ባልደረቦቹ፣ ደመወዝ ሊጨመር ነው ብለው አስወሩ። ማምሻ ላይ ከጎን ሳል ወይም ሳቅ መስማት፣ «ሻይ ፈልቷል፣ ና» መባል፣ ከዜና አንባቢ ሌላ እንደምን አመሸህ የሚል ሰው ማግኘት፤ ይህን ሁሉ በሐሳቡ ኖረው።

ጭስ ማውጫውን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ግን ብሩሹን ያስቀምጣል። ያቺ ዜሮ የሱ ናት። ማንም ቢያምናት እህቱ እንዴት ታምናታለች? ቢሳካ እሰየው፤ ባይሳካ በገዛ እጁ የቀባው ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ሊያያት ነው። እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሲደርስ ቤቷ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሣህኑ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፣ ልብሱ በአንሶላ ተቋጥሯል፣ ቁም ሣጥኑ ተሽጧል። እሷ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራ፣ ፊቷ በርቶ፣ «ልታግዘኝ መጣህ እንዴ?» አለችው። በአንድ የተረፈ ጀበና መሳይ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፈላችለት፤ ቋጠሮ ላይ ተቀመጡ። ዓይኗን ላለማየት ብርጭቆውን እያየ ነገራት። ስለ ሞዴሎቹ፣ ስለ ኮረብቶቹ፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ዜሮዋ።

«አማካዩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት። «የሬዲዮውን አትመኚው። አይለወጥም ያለ የለም። ወይ ይሻላል ወይ ይብሳል፤ የቱ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።»

ሲጨርስ፣ «እሺ፣ የሞዴሎቹን ተወውና አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እኔ ከነሱ የተለየ ምን አውቃለሁ።»

«ልምጣ ወይስ ልቅር?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ነይ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ኧረ ነይ፣ እኔ ብቻዬን መኖር ሰልችቶኛል ሊላት አፉን ከፈተ። ወዲያው ደግሞ፣ የኔ ብቸኝነት ከሷ ሳንባ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ይውጣ? እኔ እንድትመጣ ስለፈለግሁ ነፋሱ ምን ገዶት ይዞራል? አለ በሆዱ። ነይ ካላት ለሱ ስትል እንደምትመጣ ያውቃል፤ አቧራው ቢመጣ የገደላት እሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ዋጠው።

«ልትመጪ ትችያለሽ። መቅረትም ትችያለሽ» አላት። «እንዳላሳስትሽ ነው እንጂ ወሳኟ አንቺ ነሽ።»

«ገባኝ» አለች። ብድግ ብላ ከቋጠሮዎቹ አንዱን መፍታት ጀመረች። ሣህን አውጥታ ጋዜጣውን እየላጠች አንድ በአንድ ደረደረች። እሱ የገባት የሞዴሎቹ ጉዳይ መስሎት እፎይ አለ። ከርታታ! የገባት ሌላ ነበር።

በወሩ ወደ ልጇ ሄደች። በነጩ ክፍል፣ ማታ ሠርቶ ቀን የሚተኛ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ገባ። ጋሽ እንጃ ከቤት ሲወጣ ጎረቤቱ ይተኛል፣ ሲመለስ ጎረቤቱ ይወጣል። በደህና ዋልና በደህና እደር መሀል ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት ሄዱ። የጡረታው ቀን ደረሰ፤ ባልደረቦቹ ኬክ ቆርሰው፣ ሰዓት ሸልመው፣ «ጋሼ እየመጣህ ጠይቀን እንጂ» ብለው ሸኙት። አንድ ሁለቴ ሄዶ ነበር። ሁሉም ሥራ በዝቶበት ስላገኘው መሄዱን ተወ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ክፉ ልማድ የያዘው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ የመስኮቱን ደፍ በጣቱ ያብሳል። ጣቱን ብርሃን ላይ አንስቶ ያየዋል። ንጹሕ ነው። እና ይከፋዋል። መስኮቱ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው ሆድ የሚብሰው ሰው ከሱ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። አቧራው ቢመጣ እኮ፣ እንኳን አልመጣች ብሎ በሰላም ይተኛ ነበር። ንጹሕ በሆነ ቁጥር ግን ያቺ ክፍል፣ ያ ሻይ፣ ያ ሳቅ፣ በከንቱ የቀረ ይሆንበታል። አንድ ማለዳ ጣቱ አመድማ ሆኖ ተነሳ። ልቡ በደስታ ቀጥ አለ። ወዲያው በደስታው አፈረ፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሚተነፍሰው አየር ነው። በር ከፍቶ ቢወጣ አዋላጇ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ያራግፋሉ። «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ተለዋወጠ?» አሉት። «ምንም» ብሎ ተመልሶ ገባ።

ነፋሱም እንደ ሞዴሎቹ ሆነ። አንድ በጋ ትንሽ ከምሥራቅ ይሞክርና ሰው መስኮት መዝጋት ሲጀምር፣ ብናኙ ሳይደርስ ይተወዋል፤ በሚቀጥለው ከምዕራብ ያጓራል። እሱ ደግሞ አምስት ስድስት በጋ ማስረጃ እንደማይሆን ያውቃል። ይህን ማወቁ ራሱ አላስተኛ አለው፤ ትክክል ነበርኩ ወይም ተሳስቼ ነበር ብሎ እንኳ አርፎ እንዲቀመጥ አልፈቀደለትም።

እህቱ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ጨዋታቸው አጭር ነው፤ ጤና፣ ልጆቹ፣ የኑሮ ውድነት። መዝጊያ ላይ ሁልጊዜ «ነፋሱስ?» ትለዋለች፣ እሱም «እስካሁን ደህና ነው» ይላታል። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ድምጿ ከብዶ ነበር።

«ነፋሱስ?»

«እስካሁን ደህና ነው። የሚቀጥለውን ግን...»

«የሚቀጥለውን ተወው እስቲ። አንድም ቀን አቧራ አልመጣባችሁም?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። መጥቷል፣ እንኳን ቀረሽ ቢላት ደስ ባላት። «አልመጣም» አላት።

«እዚህ ሳንባዬ ደህና ነው» አለች። «ልጄና ባሏ በጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። እኔ ከዚች የልጅ ልጄ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ከሕፃን ጋር ስንት ይወራል ጋሼ? አንዳንዴ ድምፄ ይጠፋኛል።»

«እኔም» አላት።

«ያን ቀን መጥተህ ስለ ነፋስ ስታስረዳኝ ዋልክ። እኔ እኮ ስለ ነፋሱ ገብቶኝ ነበር፤ የማይታወቅ ነገር አይታወቅም። ስጠብቅ የነበረው ሌላ ነው። እንድመጣ ትፈልግ እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገርከኝም። አልፈለገኝም፣ በሳይንስ አሳቦ ነው አልኩና ሄድኩ።»

ጋሽ እንጃ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። «እፈልግ ነበር» አላት። «ከምንም ነገር በላይ እፈልግ ነበር። ይህን ካልኩሽ ለኔ ብለሽ ትመጪና አንድ ነገር ትሆኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ለአንተ ብዬማ እመጣ ነበር» አለች። «እያሳልኩም ቢሆን።»

«አሁንም ነይ» አላት። በዕድሜው ሙሉ ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። «ቤት እንፈልጋለን። ነይ።»

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየለትም። «አሁን ምን እግር አለኝ ብለህ ነው ጋሼ? ደረጃውን ካልደገፉኝ አልወርድም። ይቺንስ ለማን ጥዬ ነው የምመጣው?» ከወዲያ በኩል ሕፃኗ ስትነጫነጭ ተሰማ። «በል ተነሳችብኝ። እሑድ እደውላለሁ፣ እሺ?»

«እሺ» አላት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ «እፈልግ ነበር» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም ደገመው። አዋላጇ በግድግዳው ሰምተው ሬዲዮ የሚያናግር መሰላቸው። ሬዲዮው ግን ያን ቀን አልተከፈተም።